ምዕራፍ ሰባት፦ ጓርኒሲዮን በራሱ አይቃጠልም

አሮጌ ትራክተር እርሻ መሃል ውሃ አፍልቶ ሲቆም፣ መካኒኩ ገና መንገድ ላይ እያለ ፍርዱ ይሰጣል፤ «የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል» ይባላል። ፍርዱ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ችግሩ ነገሩ እዚያው ላይ ማለቁ ነው። አዲስ ጓርኒሲዮን ይገዛል፣ ቴስታታው ይነሳል፣ አሮጌው ተጥሎ አዲሱ ይገባል፣ ዳዶዎቹ ይጠብቃሉ። ትራክተሩ ይነሳል፣ ባለቤቱም ይመርቃል። ክረምቱ ሳይወጣ ያው ትራክተር እንደገና ያፈላል። ያን ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ «ኦርጂናል ያልሆነው» ዕቃ ላይ ይወድቃል። እርግጥ የማይረባ ዕቃ በየሱቁ ሞልቷል። ይሁን እንጂ በሞተር ውስጥ ካሉት ክፍሎች ሁሉ የሌላውን ጥፋት በመሸከም ጓርኒሲዮንን የሚስተካከል የለም። ቅያሬው የሥራው ግማሽ ነው፤ የቀረው ግማሽ ለምን እንደተቃጠለ ማወቅ ነው።

ለምሳሌ የምወስደው ማሲ ፈርጉሰን 135ን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ በእንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ከተማ የተሠራ፣ በመላው ዓለም እስከ ዛሬ የሚያርስ ቀይ ትራክተር ነው። ሞተሩ የፐርኪንስ ነው፤ ማሲ ፈርጉሰን ፐርኪንስን እ.ኤ.አ. በ1959 ጠቅልሎ ገዝቶት ነበር። ይህ ሞተር ሦስት ሲሊንደርና ሁለት ሊትር ተኩል ይዞታ አለው፤ ጉልበቱ 45 ፈረስ አካባቢ ነው። የመረጥኩት ቀላል ስለሆነ ነው። ቱርቦ የለውም፣ ኮምፒዩተር የለውም፣ ቀበቶ ያለው ካምሻፍት የለውም። እዚህ ላይ የተረዳ ሰው ባለ አራት ሲሊንደሩንም ፐርኪንስ፣ የሶቪየት ዘመኑን ቤላሩስም ቢከፍት መሠረታዊው ነገር አይለወጥበትም፤ የሚለወጠው ልኩ ነው።

ቴስታታ የሞተሩ ክዳን ነው። ቫልቮቹና ናፍታ የሚረጩት ኖዝሎች በእሱ ላይ ተቀምጠዋል። ከሥሩ ብሎኩ አለ፤ ፒስቶኖቹ በውስጡ ይመላለሳሉ። ሁለቱም ብረት ናቸው፤ ብረት በብረት ላይ ተጭኖ ብቻውን ጋዝ አይዝም። በመካከላቸው ያለው ስስ ጓርኒሲዮን ደግሞ የሚለየው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። በሲሊንደሮቹ ዙሪያ የሚነድ ጋዝ አለ። ከጋዙ ጥቂት ሚሊ ሜትር ርቆ የማቀዝቀዣው ውሃ ከብሎክ ወደ ቴስታታ ይወጣል። ቫልቮቹን ለሚጫኑት መዶሻዎች የሚሄደው ዘይትም በዚያው በኩል ያልፋል። ሦስቱ መቼም መገናኘት የለባቸውም።

የሚሸከመውን ጫና በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የዚህ ሞተር ሲሊንደር ስፋት 91.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የአንዱ ፒስቶን ራስ ወደ 66 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ናፍታው ሲቀጣጠል ውስጥ ያለው ግፊት 70 ባር ደረሰ ብንል፣ ቴስታታውን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ከ4 ቶን ተኩል ያልፋል፤ ያውም በአንድ ሲሊንደር። ሞተሩ በደቂቃ 2000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር በደቂቃ 1000 ጊዜ እንዲህ ይገፋል። ተራ የቤንዚን ሞተር እንዲህ ያለ ጭነት አያውቅም። ናፍታ ያለ ካንዴላ የሚነደው አየሩ እጅግ ታምቆ ስለሚግል ነው፤ በዚህ ፐርኪንስ አየሩ ወደ 18 እጥፍ ተኩል ይታመቃል። ይህን ሁሉ የሚይዙት ቴስታታውን ከብሎኩ ጋር የሚያስሩት ስተዶችና ዳዶዎች ናቸው። ጓርኒሲዮኑ የሚሠራው እነሱ በእኩል እስከጨመቁት ድረስ ነው። አንዱ ከላላ ወይም ቴስታታው ከጎበጠ ጋዙ ክፍተቷን ያገኛል፤ አንዴ ካገኘ ደግሞ እየላሰ ያሰፋታል።

ምልክቶቹ እንደ ቀዳዳው አቅጣጫ ይለያያሉ። ጋዙ ወደ ውሃው ከገባ ራዲያተሩ ይንቦጨቦጫል፣ የውሃ ጎማዎቹ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ይወጠራሉ፣ ውሃው በክዳኑ በኩል ይተፋል። ውሃ ወደ ዘይት ከገባ በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ የሚወጣው ነገር ወተት የገባበት ቡና ይመስላል። ውሃ ወደ ሲሊንደር ከገባ ጠዋት ሲነሳ ነጭ ጭስ ይበዛል፤ ከሥሩ የፈሰሰ ሳይታይ ራዲያተሩ በየቀኑ ይጎድላል። አራተኛው ብዙዎችን የሚያታልለው ነው፤ ጓርኒሲዮኑ በሁለት ጎረቤት ሲሊንደሮች መካከል ብቻ ሲቃጠል ውሃውም ዘይቱም ንጹሕ ሆኖ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ይንተፋተፋል። ያኔ ብዙ ሰው ፓምፑንና ኖዝሉን ያስፈትሻል፣ ገንዘቡንም እዚያ ይጨርሳል። የሁለት ጎረቤት ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽን አብሮ መውረዱን አይቶ ግን ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ማወቅ ይቻላል።

ለመጀመሪያው ዓይነት ያለ መሣሪያ የሚሠራ ፈተና አለ። ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለ የፋኑ ቀበቶ ይወልቃል፤ የውሃ ፓምፑ እንዳይዞርና አየር እንዳያንቦጫርቅ ነው። ራዲያተሩ እስከ አፉ ይሞላል፣ ክዳኑ ሳይዘጋ ሞተሩ ይነሳል። ከግማሽ ደቂቃ በላይ ማቆየት አያስፈልግም። ገና ምንም ሳይሞቅ የማያቋርጥ አረፋ ከወጣ የሚነድ ጋዝ ውሃው ውስጥ እየገባ ነው። ከጓርኒሲዮን ይሁን ከተሰነጠቀ ቴስታታ ግን ይህ ፈተና አይለይም። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ የሚታይ ትንሽ ነጭ አተላም ፍርድ አይደለም፤ ትራክተሩ ለአጭር ጊዜ እየተነሳ የሚጠፋ ከሆነ የአየሩ እርጥበት ብቻውን ያንን ያመጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ግድ ነው። ሌሊቱን ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ያደረ ሞተር በስታርተር ወይም እየተጎተተ ከተነሳ፣ ውሃ ስለማይታመቅ ፒስቶኑ መሄጃ ያጣና ቢየላው ይጎብጣል። የተጠረጠረ ሞተር ኖዝሎቹ ወልቀው በእጅ ይዞራል፤ ውሃው በቀዳዳው ይወጣል። ቁልቁለት ላይ አስነሱት የሚል ምክር ለዚህ ሞተር መርዝ ነው።

ወደ መክፈቱ እንምጣ። ውሃው ከራዲያተሩ ብቻ ሳይሆን ከብሎኩም ይፈሳል፤ የብሎኩ ቧንቧ በዝገት ተደፍኖ ጠብ የማይል ከሆነ ያ ራሱ የመጀመሪያው ማስረጃ ነውና ይያዝ። በ135 ላይ የናፍታው ታንክ ሞተሩ ላይ ስለተቀመጠ መነሳት አለበት። ከዚያ አየር ማጣሪያው፣ የጭሱና የአየሩ ማኒፎልዶች፣ የናፍታ መስመሮች ይወልቃሉ። ከመስመሮቹ የተፈቱት አፎች ሁሉ ወዲያው በንጹሕ ነገር ይደፈናሉ። የናፍታ ፓምፑ ውስጥ የሚንሸራተቱት ክፍሎች በማይክሮን ልክ የተገጣጠሙ ስለሆኑ ዓይን የማያየው አቧራ ይቧጥጣቸዋል። በጭቃ የተለበጠ ሞተር ከመከፈቱ በፊት መታጠብ ያለበትም ለዚሁ ነው። ኖዝሎቹ ቴስታታው ከመነሳቱ በፊት ይወጣሉ፤ ጫፋቸው ከፊቱ ወጣ ስለሚል ቴስታታው ተደፍቶ ሲቀመጥ ይሰበራል።

የቫልቭ መዶሻዎቹ ዘንግ ሲነሳ ከሥሩ ያሉት ረጃጅም ዘንጎች በተራቸው ካርቶን ላይ ተሰክተው ቁጥር ይጻፍባቸዋል። እያንዳንዱ ዘንግ ከራሱ መዶሻ ጋር ተፋግቶ ተላምዷል፤ ከጎረቤት ጋር መለዋወጥ የለበትም። ዳዶዎቹ የሚፈቱት ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ጥቂት በጥቂት፣ ከዳር ወደ መሃል ነው። ትኩስ ቴስታታ መፍታት ማጉበጥ ነው። አልነሳ ሲልም በካቻቢቴ መካከሉን መፈልቀቅ የተለመደ ጥፋት ነው፤ የፈለቀቀበት ጭረት ነገ የጋዝ መንገድ ይሆናል። በእንጨት ጎን ለጎን መታ መታ ማድረግ ይበቃል።

ብዙ ጋራዥ ውስጥ ቴስታታው በተነሳ በሚቀጥለው ደቂቃ አሮጌው ጓርኒሲዮን ቆሻሻ ላይ ይጣላል። በእኔ አስተያየት ከዚህ የበለጠ ኪሳራ የለም፤ መነበብ ያለበት ጽሑፍ ሳይነበብ ተጣለ ማለት ነውና። በሁለት ሲሊንደሮች መካከል ጥቁር የጥላሸት መስመር ካለ ጋዙ በዚያ አልፏል፤ በዚያ ቦታ ያለው ጭመቃ አንሷል ማለት ነው፣ ወይ ቴስታታው እዚያ ጎብጧል ወይ ዳዶው ላልቷል። ጠርዙ በየቦታው በዝገት ተበልቶ ከተገኘ ጥፋቱ የውሃው ነው፤ ለዓመታት ፀረ ዝገት ሳይጨመርበት የወንዝ ውሃ ሲጠጣ የኖረ ሞተር ነው። የሲሊንደሩ የብረት ቀለበት ተሰነጣጥቆና ሰማያዊ ሆኖ ከተገኘ ሙቀት በዝቶበታል። የትም ቦታ የመቃጠል ምልክት የሌለበት ጓርኒሲዮን ደግሞ ከሁሉ የሚያስፈራው ነው፤ ስንጥቁ ሌላ ቦታ አለ ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜም ቴስታታው ላይ በሁለቱ ቫልቮች መካከል ይገኛል።

ሙቀት ከየት ይመጣል? የአርሲዋን ከተማ አሰላን እንውሰድ። በአርሲ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት እርዳታ ካዱ የተባለው የግብርና ልማት ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ ትራክተር ከስንዴው ጋር ተያይዞ ኖሯል፤ ባለርስቱ ትራክተር ሲገዛ ጭሰኛው መፈናቀሉም የዚያው ታሪክ ክፍል ነው። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር ይበልጣል። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ቴርሞስታቱ የሚከፈተው በ80ዎቹ መጀመሪያ ስለሆነ በሥራው ሙቀትና በመፍላቱ መካከል የቀረው ዕድል 10 ዲግሪ ቢሆን ነው። የራዲያተሩ ክዳን ይህን ለማስፋት የተሠራ ነው። ግማሽ ባር የሚይዝ ደህና ክዳን የመፍላቱን ነጥብ ወደ 105 ዲግሪ ያደርሰዋል። እንግዲህ ጎማው ያረጀ፣ ወይም በጨርቅ የተተካ ክዳን ያለው ትራክተር በደጋ ሲያርስ አስቡት። ውሃው መጀመሪያ የሚፈላው በጣም በሚግለው ቦታ፣ በቴስታታው ውስጥ ነው። እንፋሎት ደግሞ ሙቀት አይወስድም፤ ብረቱ እዚያ ቦታ ብቻ ይግልና ይጎብጣል። በየገበያው ርካሽ ከሆኑት ዕቃዎች አንዱ የሆነው ክዳን ከሁሉ ውዱን ጥገና ያመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ደጋው በሌላም መንገድ ይፈትናል። አየሩ ስስ ስለሆነ ሲሊንደሩ የሚጠባው አየር ያንሳል። በሜዳ አገር የተስተካከለው ፓምፕ ግን ያንኑ ያህል ናፍታ ይረጫል። «ጉልበት እንዲጨምር» ተብሎ ፓምፑ የተከፈተ ከሆነማ ነገሩ ይብሳል። ጥቁር ጭስ ለገበሬው የጉልበት ምልክት መስሎ ይታየዋል፤ ለሞተሩ ግን ያልተቃጠለ ናፍታና የበዛ ሙቀት ነው። በዚህ ላይ የራዲያተሩ ክንፎች በገለባ ሲደፈኑና የፋኑ ቀበቶ ሲላላ ጓርኒሲዮኑ ምን ይሁን? ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልም መፍትሔ ሆኖ በየመንደሩ ይነገራል። ለአንድ ቀን መንገድ ያደርስ ይሆናል፤ ውሎ ሲያድር ግን ሞተሩ ሙቀቱን ሳያገኝ እየሠራ ሲሊንደሩን ይበላል፣ የሙቀቱም ምክንያት እንደተደበቀ ይቀራል።

ገበሬው በዚህ ጊዜ የሚለው ይታወቃል። «ልጄ፣ ጓርኒሲዮኑን ብቻ ቀይርልኝና ዝናቡ ሳያልፈኝ ልረስ።» የደህና መካኒክም መልስ አንድ ነው፤ «ጋሼ፣ ቴስታታው ሬቲፊካ ቤት ታይቶ ካልመጣ አልገጥመውም።» ሁለቱም እውነት አላቸው። ዝናብ ቀጠሮ አይሰጥም። ነገር ግን ቴስታታው ቀጥ ያለ መሆኑን ማየት የአንድ ሰዓት ሥራ አይሞላም። ፊቱ በሚገባ ከጸዳ በኋላ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በርዝመቱ፣ በስፋቱና በሰያፉ ይጋደምበታል፤ ከሥሩ ፊለር ጌጅ ይሞከራል። ለዚህ ሞተር በስፋቱ 0.08፣ በርዝመቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚፈቀደው። ከዚያ ካለፈ ይላጋል። የሚላገውም በልክ ነው፤ ብዙ ሲላግ ቫልቮቹ ወደ ፒስቶኑ ይቀርባሉ፣ ኖዝሎቹም ከሚገባቸው በላይ ይወጣሉ። የብሎኩም ፊት በዚያው ማስመሪያ ይታያል፤ ብዙዎች የሚረሱት እሱን ነው። ሲሊንደሩን የሚያለብሱት ካሚቻዎች አንገትም በመመሪያው በተጻፈው ከፍታ ላይ መሆኑ ይለካል፤ አንዱ ዝቅ ካለ አዲሱ ጓርኒሲዮን በዚያ ሲሊንደር ዙሪያ አይጨመቅም።

በጽዳቱ ላይ ሁለት ነገር እጨምራለሁ። የሚዞር የአሸዋ ወረቀት በብሎክ ፊት ላይ መጠቀም ፈጣን ነው፤ ግን ብረቱን ይጎደጉዳል፣ ዱቄቱም ዘይት ውስጥ ገብቶ ኩሽኔታዎቹን ይፈጫል። በእጅ መፋቂያ ይሠራ፤ ቀዳዳዎቹ በጨርቅ ይደፈኑ። ሁለተኛው ለመካኒኩ ሳንባ ነው። የድሮ ጓርኒሲዮኖች በመዳብና በአስቤስቶስ የተሠሩ ነበሩ። ብናኙ ሲተነፈስ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። አሮጌ ቅሪት በደረቁ አይቦረሽ፣ በአየር ግፊትም አይነፋ፤ ርሶ ይፋቅ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይወገድ።

አዲሱ ሲገባ «ላይኛውና ፊተኛው» የሚል ጽሑፍ ካለበት በዚያው ይቀመጣል፤ ተገልብጦ የገባ ጓርኒሲዮን የውሃና የዘይት መንገድ ይዘጋል። ማጣበቂያ መቀባት ብዙ ሰው የሚያዘወትረው ልማድ ነው። ከዕቃው ጋር የመጣው ወረቀት ቀባ ካላለ በደረቁ ይግባ። የስተዶቹና የዳዶዎቹ ጥርስ በብረት ብሩሽ ጸድቶ ጥቂት ዘይት ይነካል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ቁልፉ ላይ ከምናወጣው ጉልበት ቴስታታውን በእውነት የሚጨምቀው አንድ አስረኛው ያህል ነው፤ ግማሹ ገደማ ከዳዶው ሥር ባለው ፍትጊያ፣ የቀረው በጥርሱ ላይ ያልቃል። ጥርሱ የዛገ ከሆነ ቶርክ ሬንቹ ልኩን ያሳያል፣ ጭመቃው ግን የለም።

ስለ ቶርክ ሬንች ክርክር የለኝም። «እጄ ያውቀዋል» የሚል መካኒክ እጁ የሚያውቀው ፍትጊያውን ነው። ለዚህ ሞተር የሚጠበቀው 80 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር ከሞተሩ ሰሌዳ ጋር ከሚስማማው መመሪያ ይወሰድ። ከመሃል ተጀምሮ ወደ ዳር እየተዞረ፣ በሦስት ዙር ይደረሳል። ከዳር የጀመረ ሰው መሃሉን አሳብጦ ይዘጋዋል። ከዚያ ቫልቮቹ በቀዝቃዛ 0.30 ሚሊ ሜትር ይስተካከላሉ። ውሃ የገባበት ዘይት ከነማጣሪያው ይቀየራል፤ ከኖዝሎቹ ሥር ያሉት የመዳብ ቀለበቶችም አዲስ ይሁኑ። በናፍታው መስመር ውስጥ የገባው አየር ከማጣሪያው ጀምሮ ወደ ፓምፑ፣ ከዚያ ወደ ኖዝሎቹ በተራ ይወጣል። ውሃው በዝግታ ይሞላ፤ ቶሎ ሲሞላ ቴስታታው ውስጥ አየር ይታፈናል።

ሞተሩ ተነሳ፣ አረፋ የለም፣ ጭሱ ንጹሕ ነው። እዚህ ላይ ገንዘብ ተከፍሎ መለያየት የተለመደ ነው። ጓርኒሲዮኑ ግን በሙቀት ገና እየተቀመጠ ስለሆነ የዳዶዎቹ ጭመቃ ይቀንሳል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ የቫልቮቹ ክዳን ተከፍቶ ዳዶዎቹ በተራቸው ይፈተሻሉ። አልንቀሳቀስ ያለ ዳዶ «ጠብቋል» ተብሎ አይታለፍም፤ ከ30 እስከ 60 ዲግሪ ያህል ላላ ተደርጎ እንደገና በልኩ ይጠብቃል፤ የያዘው ዝገት ሊሆን ይችላልና። ቫልቮቹም በትኩስ 0.25 ሚሊ ሜትር ይደረጋሉ። ከ25 እስከ 50 ሰዓት ካረሰ በኋላ ይኸው ሥራ ይደገማል። ለዚህ ሁለተኛ ጉዞ ቀጠሮና ዋጋ ሥራው ሲጀመር አብሮ መነጋገር ያስፈልጋል፤ የትራክተር ባለቤት ከሆኑ ዋጋውን ከመስማማትዎ በፊት መካኒኩ እንደገና መጥቶ እንደሚያጠብቅ ይጠይቁ፤ አያስፈልግም ካለዎት ሌላ መካኒክ ይፈልጉ።